የ5 ዋት ራዲዮ ኪት ስትመርጡ፦ የትኛው ለማን ይሆናል? ቀጥሎስ ምኑ ይሻሻል?

በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ማታ ማታ ትልቁ ጉዳይ አጭር ሞገድ ነበር። አባቴ የራዲዮኑን አንቴና በሽቦ አስረዝሞ በመስኮት ወደ ባሕር ዛፉ ይወስደውና የጀርመን ድምፅን ወይም የአሜሪካ ድምፅን ይፈልጋል። ጣቢያው ሲሸሽ ቁልፉን በስሱ እያዞረ ይመልሰዋል፤ እኛ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ዋናውን ሥራ ይሠራ የነበረው ያ ሽቦ መሆኑ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ የአማተር ራዲዮ (ለንግድ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲባል በራዲዮ የመነጋገር) ፈቃድ አውጥቼ በ5 ዋት ለመነጋገር ስሞክር።

አዲስ ፈቃድ ያወጡ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በትንሽ ገንዘብ፣ በራሴ እጅ የሠራሁትን ራዲዮ ይዤ መጀመር እፈልጋለሁ፤ የቱን ልግዛ?» የኪት፣ ማለትም ክፍሎቹ መጥተው በእጅ የሚገጣጠም ራዲዮ፣ ገበያው ከ10 ዶላር በታች ከሚሸጥ፣ የክብሪት ሳጥን ከሚያህል ቦርድ ጀምሮ እስከ ብዙ መቶ ዶላር ይዘረጋል። ሻጩ ሁሉ የሚያወራው ስለ ዋትና ስለ ባንድ (በሞገድ ርዝመቱ፣ በሜትር የሚጠራ የሞገድ ክልል) ብዛት ነው። እኔ የምላችሁ ሌላ ነው። የዋቱን ቁጥር ለጊዜው ተዉትና ፈቃዳችሁ ምን ይፈቅዳል፣ እጃችሁ ምን ይችላል፣ በራዲዮው ምን ልታደርጉ ትፈልጋላችሁ የሚለውን አስቀድሙ። ለማሻሻያ የምታወጡትን የመጀመሪያ ገንዘብ ደግሞ ለአንቴና አውሉት።

አማተሮች «ኪው አር ፒ» የሚሉት አነስተኛ ኃይል በሞርስ (በነጥብና በጭረት የሚላክ ኮድ) እስከ 5 ዋት፣ በድምፅ ደግሞ ጫፉ እስከ 10 ዋት የሚደርስ ስርጭት ነው። ስሙ የመጣው የቴሌግራፍ ሠራተኞች «ኃይል ቀንስ» ለማለት ይጠቀሙበት ከነበረው አጭር ኮድ ነው።

## ከዕቃው በፊት መስፈርቱ

የመጀመሪያው መስፈርት ፈቃዳችሁ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ ገንዘብ ከወጣ በኋላ የሚቆጨውም በዚሁ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ቴክኒሽያን የሚባለውን የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ስታልፉ (35 ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 26) በአጭር ሞገድ ላይ የምታገኙት መብት ጠባብ ነው። በ80፣ በ40 እና በ15 ሜትር ባንዶች የተፈቀደላችሁ ሞርስ ብቻ ነው። በ10 ሜትር ላይ ከ28.0 እስከ 28.3 ሜጋኸርዝ ሞርስና ዲጂታል፣ ከ28.3 እስከ 28.5 ደግሞ ድምፅ መጠቀም ትችላላችሁ። በ40 ሜትር ክልላችሁ ከ7.025 እስከ 7.125 ሜጋኸርዝ ነው። በ20 ሜትር ግን ምንም የላችሁም። ጀነራል የሚባለውን ሁለተኛ ደረጃ ስታወጡ በሩ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። የሞርስ ፈተና በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ቀርቷል፤ ሆኖም ቴክኒሽያን ሆኖ በ40 ሜትር መሥራት የሚፈልግ ሰው ሞርስ መማሩ አይቀርለትም።

ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና ገልፍ ያላችሁ በዓለም አቀፉ የሞገድ አከፋፈል ክልል 1 ውስጥ ናችሁ። እዚያ የ40 ሜትር ባንድ ከ7.0 እስከ 7.2 ሜጋኸርዝ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እስከ 7.3 ይዘልቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሞገድን የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (በእኛ አቆጣጠር) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ማሰራጫ ያለው ዕቃ፣ ኪትም ቢሆን፣ በሻንጣ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ፈቃዱን ጨርሱ። ኤርፖርት ላይ «ትንሽ መጫወቻ ናት» ብሎ ማስረዳት አያዋጣም።

ሁለተኛው መስፈርት የምትነጋገሩበት መንገድ ነው። በ5 ዋት ድምፅ መላክ ይቻላል፣ ግን ገበያ መሃል ቆሞ ሰውን በለሆሳስ እንደ መጥራት ነው፤ ሰሚው ጆሮ ካልሰጣችሁ አይሰማችሁም። ሞርስ ያንኑ 5 ዋት በጠባብ ቦታ ሰብስቦ ስለሚልከው ድምፅ የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ዲጂታሉ፣ በኮምፒውተር የሚላከው፣ ደግሞ ከሁለቱም ርቆ ይደርሳል። ኤፍ ቲ 8 የሚባለውን ስልት በ2017 ያወጡት ጆ ቴይለርና ስቲቭ ፍራንኪ ናቸው፤ ቴይለር በ1993 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሳይንቲስት ነው። በየ15 ሰከንዱ አጭር መልእክት ይላካል፤ ኮምፒውተሩም ሲግናሉ ከጫጫታው 20 ዴሲቤል (የጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ያህል ዝቅ ብሎ እንኳ ያነበዋል። በጆሮ ምንም የማይሰማ ነገር በስክሪኑ ላይ ተጽፎ ይመጣል። ሞርስ የማያውቅና አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ሩቅ አገር መድረስ ከፈለገ አጭሩ መንገድ ይህ ነው። የሚጎድለኝ ነገር ቢኖር የሰው ጠረን ነው፤ በኤፍ ቲ 8 የጥሪ ምልክትና የሲግናል ቁጥር ይለዋወጣሉ እንጂ «እንዴት አደርክ» የለም።

ሦስተኛው እጃችሁ ነው። ሶልደር አድርጋችሁ (ክፍሎችን በቀለጠ ብረት ቦርድ ላይ አጣብቃችሁ) ታውቃላችሁ? ቀዳዳ ውስጥ እግራቸው የሚገባ ትልልቅ ሬዚስተሮችን መሥራት አንድ ነገር ነው፤ በጠባብ ቦርድ ላይ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለባቸውን ቀለበቶች መደርደር ሌላ ነው።

አራተኛው ራዲዮው ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የሚበላው ኃይል ነው። ብዙ ሰው የሚያየው ሲያሰራጭ የሚወስደውን ብቻ ነው፤ ነገር ግን የራዲዮ ሰው አብዛኛውን ሰዓት ያዳምጣል። ሲያዳምጥ 0.1 አምፔር የሚወስድና 0.4 አምፔር የሚወስድ ራዲዮ በአንድ ባትሪ ላይ የሚኖራቸው ዕድሜ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

አምስተኛው ሙሉ ዋጋው ነው። ኪቱ 60 ዶላር ሲባል ሳጥኑ፣ ባትሪው፣ የሞርስ መምቻው፣ ኬብሉ፣ ማጓጓዣውና ቀረጡ አልተቆጠረም። ከባዶ የሚነሳ ሰው የኪቱን ዋጋ በሁለት ቢያባዛው ወደ እውነቱ ይቀርባል።

## አማራጮቹ አንድ በአንድ

ፒክሲ። ርካሹ ይህ ነው። ከቻይና በከረጢት የሚመጣ፣ ከ10 ዶላር በታች የሆነ፣ ከአንድ ዋት በታች የሚያሰራጭ የ40 ሜትር የሞርስ ኪት። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ሶልደር ለመለማመድና ሰርኪዩት እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት በጣም ጥሩ ነው፤ ለልጆችም እመክረዋለሁ። ለመነጋገር ግን አልመክረውም፣ ምክንያቶቼም ሁለት ናቸው። መቀበያው ጎረቤት ያለውን ኃይለኛ የብሮድካስት ጣቢያ መለየት አይችልም፤ ማታ 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ስትከፍቱት ዜናና ዘፈን በሞርሱ ላይ ይጋልባል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ከባድ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚመጣው ክሪስታል፣ የሚያሰራጭበትን ነጥብ የሚወስነው ክፍል፣ 7.023 ሜጋኸርዝ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ7.025 በታች ያለው ለከፍተኛው ደረጃ፣ ለኤክስትራ ብቻ የተተወ ስለሆነ ቴክኒሽያንም ጀነራልም ያለው ሰው በዚህ ክሪስታል ቢያሰራጭ ከሕግ ውጭ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ ይህ አይጻፍም። አሜሪካ ያላችሁ ለማዳመጥ ብቻ ተጠቀሙበት፣ አለዚያ በክልላችሁ የሚገባ ክሪስታል ቀይሩለት።

ኪው ሲ ኤክስ። ሃንስ ሰመርስ የነደፈው፣ ኪው አር ፒ ላብስ የሚሸጠው የአንድ ባንድ የሞርስ ራዲዮ ነው። የመጀመሪያው በ2017 ወጣ፤ አሁን ሰፋ ያለው ፕላስና ኪስ የሚገባው ሚኒ አሉ። ከ3 እስከ 5 ዋት ያወጣል። ለሞርስ ሰው በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም መቀበያው ከዋጋው በላይ ነው። ጥርት ያለ ጠባብ ፊልተር አለው፣ አላስፈላጊውን ጎን ይሰርዛል፣ ማታ ብሮድካስቱ ሲያይል እንኳ ሞርሱ ብቻውን ይሰማል። ሌላው የምወድለት ነገር መለኪያ መሣሪያ የሌለውን ሰው አለመርሳቱ ነው፤ የሙከራ ሲግናሉን ራሱ ያመነጫል፣ በትንሿ ስክሪን ላይም «ይህን ብሎን አዙር፣ እዚህ ላይ አቁም» በሚያሰኝ መልኩ እያሳየ ያስተካክላችኋል።

የሚከብደው ቶሮይዱ ነው፤ ሽቦ የሚጠቀለልባት ትንሽ የብረት ዱቄት ቀለበት። አንዱ ቀለበት ላይ አራት የተለያዩ ጥቅልሎች ይሠራሉ። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ዙር የሚቆጠረው ሽቦው በቀዳዳው ውስጥ ባለፈ ቁጥር ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቢያልፍም አንድ ዙር ነው። ከውጭ በኩል ከቆጠራችሁ በአንድ ትሳሳታላችሁ። ሁለተኛ፣ ሽቦው እርቃኑን የሆነ መዳብ ቢመስልም በቫርኒሽ የተሸፈነ ነው። ሶልደሩ ከላይ ያብለጨልጫል፣ የያዘ ይመስላል፣ ውስጡ ግን አልተገናኘም። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው፦ ሽቦውን ወደ ቦርዱ ጀርባ አሳልፌ ትንሽ ጫፍ አስቀራለሁ፤ ከዚያ የሶልደሪንግ አይረኑን ጫፍ በሶልደር ጠብታ አርሼ ሽቦው ላይ አሥር ሰከንድ ያህል አቆየዋለሁ። መጀመሪያ ምንም አይሆንም። ከዚያ ትንሽ ጭስ ብን ይላል፣ የቫርኒሹ ሽታ ይመጣል፣ ጠብታው በድንገት ሽቦውን አቅፎ ይወርዳል። ያን ጊዜ ቴስተሩን በሁለቱ ጫፎች ላይ አሳርፌ ድምፅ መስጠቱን ሳላረጋግጥ ወደ ቀጣዩ አልሄድም። «አልሠራ አለኝ» ተብሎ የሚመጣልኝ ኪት አብዛኛውን ጊዜ የሚድነው እዚሁ ላይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ከሚኒው ይልቅ ፕላሱ ይሻላል። ሰፊ ነው፤ ስህተት ቢፈጠር ጣት ይገባል።

ኪው ኤም ኤክስ። ከዚያው ቤት በ2023 የወጣ ነው። አምስት ወይም ስድስት ባንድ ላይ ሞርስና ዲጂታል ይሠራል፤ ድምፁ ከጊዜ በኋላ በፈርምዌር (ራዲዮው ውስጥ ባለው ፕሮግራም) ተጨምሮለታል። ትልቁ ጥቅሙ የድምፅ ካርዱ በውስጡ መሆኑ ነው። በሌላ ራዲዮ ኤፍ ቲ 8 ለመሥራት ኬብልና ማገናኛ ሳጥን ያስፈልጋል፣ የድምፅ መጠን ሲስተካከል ይመሻል። ይህኛው ግን በአንድ ዩኤስቢ ከላፕቶፑ ጋር ይያያዛል፣ በቃ።

ስታዙ የባንዱን ዓይነት አስተውሉ። ከ80 እስከ 20 ሜትር የሚሠራ አለ፣ ከ60 እስከ 15 የሚሠራ አለ፣ ከ20 እስከ 10 የሚሠራም አለ። ገና ቴክኒሽያን ከሆናችሁ የመጨረሻው ነው የሚበጃችሁ፤ በ28.074 ሜጋኸርዝ ኤፍ ቲ 8 መሥራት የምትችሉት በ10 ሜትር ብቻ ነውና። የቮልቴጁ ነገር ሌላው ጥንቃቄ ነው። የ12 ቮልት ሆኖ የተሠራውን ኪው ኤም ኤክስ የመኪና ራዲዮ ከሚነዳ የ13.8 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ጋር አታገናኙት። ስለ ቮልቴጅ አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው፤ የመጀመሪያ ራዲዮዬን መመሪያውን ሳላነብ ከፍ ካለ ቮልቴጅ ጋር አገናኝቼ ሦስቱንም የመጨረሻ ትራንዚስተሮች በአንድ ሰከንድ አቃጥያለሁ። ቢ ኤስ 170 የምትባለዋ ትራንዚስተር ሳንቲሞች ነው የምታወጣው፣ ቅያሬዋ ግን አንድ ቅዳሜ ሙሉ ፈጀብኝ።

ሥራው ከኪው ሲ ኤክስ ይከብዳል። ጥቃቅኖቹ ክፍሎች በፋብሪካ ተለጥፈው ይመጣሉ፣ ቶሮይዶቹ ግን ተጨናንቀው ይቆማሉ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ኪታችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አለዚያ ተገጣጥሞ የሚሸጠውን ውሰዱ።

ትሩ ኤስ ዲ ኤክስ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሳጥን ሆኖ ከ80 እስከ 20 ሜትር አምስት ባንድ ላይ ሞርስም ድምፅም ዲጂታልም ይሠራል፣ ማይክሮፎኑና ስፒከሩም በውስጡ ናቸው። ተራራ ለሚወጣና ቦርሳው ውስጥ ቦታ ለሌለው ሰው የተሠራ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ የሚሠራው በአንዲት ርካሽ ማይክሮ ኮንትሮለር ስለሆነ መቀበያው ኃይለኛ ጣቢያ ሲመጣበት ይደነብራል። ገጠር ገብታችሁ ፀጥ ያለ ቦታ ስትከፍቱት ደስ ይላል፤ ከተማ ውስጥ፣ ማታ፣ በረጅም አንቴና ላይ ግን ከኪው ሲ ኤክስ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ብትሰሙ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል። አስመስለው የሚሠሩ ብዙ ናቸውና ነዳፊዎቹ ከሚያውቋቸው ሻጮች ብቻ ግዙ።

ማይክሮ ቢት ኤክስ። የሕንዱ አሽሃር ፋርሃን ሥራ ነው፤ ከሃይደራባድ ይመጣል። ለድምፅ ወዳጆች በዚህ ዋጋ የሚቀርበው ይህ ነው፦ ከ80 እስከ 10 ሜትር፣ እስከ 10 ዋት። ቦርዱ ተሠርቶ ስለሚመጣ የእናንተ ድርሻ ሽቦ ማገናኘትና ሳጥን ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሶልደር የሚያስፈራው ሰው እፎይ ይላል። ዲያግራሙም ኮዱም ለሁሉም ክፍት ነው። ኤሌክትሮኒክስ ለሚማር ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አንዱን ክፍል ነቅሎ፣ ሌላ ሠርቶ፣ ኮዱን ለውጦ ውጤቱን በራሱ ጆሮ ይሰማል። ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። 10 ዋቱ በታችኞቹ ባንዶች ነው፤ ወደ 28 ሜጋኸርዝ ስትወጡ በጣም ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ እትሞች የድምፁን መጠን በራሱ የሚቆጣጠር ሰርኪዩት ስላልነበራቸው አጠገባችሁ ያለ ጣቢያ ሲከፍት ጆሮ ይመታል። ያገለገለ ስትገዙ ይህ ተጨምሮበት እንደሆነ ጠይቁ። ሲያዳምጥም ከኪው ሲ ኤክስ ከእጥፍ በላይ ይበላል።

ያገለገለ ያኤሱ ኤፍ ቲ 817 ወይም 818። ኪት አይደለም፤ ማወዳደሪያ እንዲሆን ነው ያመጣሁት። ሁሉንም ባንድ፣ ሁሉንም ስልት ይዟል፣ ጠንካራ ነው፣ ስትሸጡትም ዋጋውን ይይዛል። ማምረቱ ቆሟል። ሶልደር መንካት ለማይፈልግና 500 ዶላር አካባቢ ላለው ሰው ትክክለኛው ምርጫ ነው። ዝም ብሎ ሲያዳምጥ 0.3 አምፔርና ከዚያም በላይ ስለሚወስድ ግን ባትሪው ትልቅ መሆን አለበት።

## በአንድ እይታ

ዋጋው የእኔ ግምት ነው፤ ማጓጓዣና ቀረጥ አልተካተተም።

| ራዲዮ | የሚሠራበት ስልት | ባንድ | የእጅ ሥራው | ሲያዳምጥ የሚወስደው | ዋጋ በዶላር |
|---|---|---|---|---|---|
| ፒክሲ | ሞርስ | 40 ሜትር፣ አንድ ነጥብ ላይ | ቀላል | እጅግ ትንሽ | ከ10 በታች |
| ኪው ሲ ኤክስ | ሞርስ | አንድ፣ በምርጫ | መካከለኛ | 0.1 አምፔር አካባቢ | 55–90 |
| ኪው ኤም ኤክስ | ሞርስ፣ ዲጂታል፣ ድምፅ | 5 ወይም 6 | ከባድ | 0.1 አምፔር አካባቢ | 100–150 |
| ትሩ ኤስ ዲ ኤክስ | ሁሉም | 5 | መካከለኛና ከዚያ በላይ | 0.1 አምፔር አካባቢ | 90–150 |
| ማይክሮ ቢት ኤክስ | ድምፅ፣ ሞርስ | ከ80 እስከ 10 ሜትር | ሽቦ ማገናኘት | ከ0.2 አምፔር በላይ | 150–220 |
| ኤፍ ቲ 817/818 (ያገለገለ) | ሁሉም | ሁሉም ማለት ይቻላል | የለም | ከ0.3 አምፔር በላይ | 400–600 |

## ማሻሻል፦ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ?

ራዲዮው ሠርቶ ሁለት ሳምንት ሲሞላው ሁላችንም የምናስበው አንድ ነገር ነው፦ ማጉያ ልግዛ። አስቀድማችሁ ይህን ሒሳብ እዩልኝ። የሲግናል ጥንካሬ የሚለካው «ኤስ» በሚባል ደረጃ ነው፤ አንዱ ደረጃ 6 ዴሲቤል ነው። ከ5 ወደ 10 ዋት ስትወጡ የምታገኙት 3 ዴሲቤል፣ ማለትም ግማሽ ደረጃ ነው። ከ5 ወደ 100 ዋት ብትዘሉ እንኳ 13 ዴሲቤል፣ ሁለት ደረጃ ብቻ ነው። በበረንዳ ላይ የተንጠለጠለች አጭር አንቴና ከዛፍ ላይ ከተሰቀለ ሙሉ ሽቦ ጋር ስትወዳደር ከዚህ የሚበልጥ ልታሳጣ ትችላለች። ማጉያው የሚረዳው ስታሰራጩ ብቻ ነው፤ አንቴናው ስታዳምጡም ይሠራል።

ዳይፖል የሚባለው ቀላሉ አንቴና ስሌቱ አንድ መስመር ነው፦ 143ን በሜጋኸርዙ አካፍሉ፣ ርዝመቱ በሜትር ይመጣል። ለ7.03 ሜጋኸርዝ 20.3 ሜትር ይሆናል፣ በየጎኑ 10.15 ሜትር። ትንሽ አስረዝማችሁ ቁረጡ፤ ማሳጠር ይቻላል፣ መቀጠል ግን ያስቸግራል። ተራ የስፒከር ሽቦ ተሰንጥቆ ይበቃል። ቦታ የሌለው ሰው ጫፉ ላይ የሚመገበውን የግማሽ ሞገድ ሽቦ ይምረጥ። 20 ሜትር ያህል ሽቦ፣ አንድ ፌራይት ቀለበት ላይ የተጠቀለለ የ49 ለ1 ትራንስፎርመር፣ አንድ ዛፍ። ይኸው አንድ ሽቦ በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ይሠራል። አፓርታማ ውስጥ ስለምኖር እኔ ይህንኑ ይዤ ነው ፓርክ የምሄደው። ገመድ በድንጋይ አስሬ ቅርንጫፍ ላይ እወረውራለሁ፣ ሽቦውን እጎትታለሁ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አየር ላይ ነኝ። ከመኪና ማቆሚያ መብራትና ከሰው ቻርጀር መራቁ ብቻውን ጫጫታውን ያወርደዋል፤ ቤቴ ሆኜ ፈጽሞ የማልሰማቸውን ጣቢያዎች እዚያ እሰማለሁ።

ከአንቴና ቀጥሎ ባትሪ ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ዓይነት ይሻላል፤ ረጅም ጊዜ ያገለግላል፣ ሲጎድልም ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም። 3 አምፔር-ሰዓት የሚይዘው ትንሹ፣ አንድ አራተኛውን ሰዓት ብታሰራጩበት ኪው ሲ ኤክስን 13 ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ግን ተጠንቀቁ፦ ይህ ባትሪ ሙሉ ሲሆን ከ13 ቮልት በላይ ነው። ኪው ሲ ኤክስ ይችለዋል፤ ለ12 ቮልት ለተሠራው ኪው ኤም ኤክስ ግን ሦስት ሴል ያለው፣ ሙሉ ሲሆን 12.6 ቮልት የሚሆነው የሊቲየም አዮን ባትሪ ይስማማዋል።

ማጉያ መጨረሻ ይምጣ፣ ሲመጣም ፊልተር ያለው ይሁን። አንድ ጊዜ ስም የሌለው ርካሽ ማጉያ ገዝቼ 7.030 ላይ ሳሰራጭ አንድ ቅን አማተር 14.060 ላይም እንደሚሰማኝ ጻፈልኝ። ሁለተኛው ሃርሞኒክ፣ ማለትም በእጥፍ ሜጋኸርዝ ላይ የሚወጣ ትርፍራፊ፣ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 በኋላ ለገባ ማሰራጫ ሕጉ እንዲህ ያለው ትርፍራፊ ከዋናው ቢያንስ 43 ዴሲቤል ዝቅ እንዲል ያዛል፤ ኃላፊነቱም የሻጩ ሳይሆን የባለፈቃዱ ነው። ዕቃውን በዚያው ቀን አነሣሁት።

## እንግዲህ ለማን የቱ?

100 ዶላር ብቻ ያለው፣ ሞርስ ለመማር የቆረጠ ሰው፦ የ40 ሜትር ኪው ሲ ኤክስ ፕላስና በእጅ የተሠራ ዳይፖል። ቴክኒሽያን ለሆነ አሜሪካዊ ነዋሪ ይህ ሙሉ በሙሉ በፈቃዱ ውስጥ ነው። ከዚህ ቅንብር የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ሞርስ ለመማር ጊዜ የሌለው፣ ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ላፕቶፕ ከፍቶ ዓለምን ማየት የሚፈልግ፦ ኪው ኤም ኤክስ፣ ባንዱ እንደ ፈቃዱ ተመርጦ። ከሲልቨር ስፕሪንግ አዲስ አበባ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 5 ኪሎ ግቢ የሚገኘውን የኢቲ3ኤኤ የክለብ ጣቢያ ጥሪ በስክሪኑ ላይ የምጠብቅበት ምሽት ለእኔ ከሌላው ምሽት ሁሉ ይለያል።

በድምፅ መነጋገር አለብኝ የሚል፣ ጀነራል ያለው፦ ማይክሮ ቢት ኤክስ፤ በጀቱ ከፈቀደ ያገለገለ 817። ለክለብና ለተማሪዎች የሚገዛም ቢሆን ማይክሮ ቢት ኤክስን ይምረጥ፣ ተከፍቶ የሚታይ ራዲዮ ነውና። ተራራ ለሚወጣው ትሩ ኤስ ዲ ኤክስ። ለ12 ዓመት ልጅ ስጦታ ፒክሲ፣ ከጎኑ ቁጭ ብሎ አብሮ የሚሠራ ሰው ካለ።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያው የሶልደር ሥራችሁ ራዲዮው አይሁን። ባለ 1,000 ኦም፣ አንድ ዋት የሚችሉ 20 ሬዚስተሮች ግዙና ጎን ለጎን አያይዟቸው፤ የሁሉም አንዱ ጫፍ በአንድ ላይ፣ ሌላኛው ጫፍም በአንድ ላይ። አንድ ላይ 50 ኦም ይሆናሉ፣ 20 ዋትም ይችላሉ። ይህ ደሚ ሎድ ይባላል፤ አንቴና መስሎ ኃይሉን ይውጣል እንጂ ወደ አየር አይለቅም። ሃያውን ስትጨርሱ እጃችሁ ተፍታትቷል፣ የራዲዮው መፈተኛም ተገኝቷል። ራዲዮው ሲያልቅ መጀመሪያ ባትሪውን አገናኝታችሁ የሚወስደውን አምፔር በቴስተር እዩ፤ ከመመሪያው ከበለጠ ወዲያው ንቀሉ። ከዚያ በደሚ ሎዱ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ አሰራጩና ትራንዚስተሮቹን በጣት ዳስሱ። ለብ ካሉ ደህና ነው፣ ካቃጠሉ አንድ ቶሮይድ ዙሩ ሳይሳሳት አይቀርም። ይህ ሁሉ ካለፈ ኬብሉን ከደሚ ሎዱ ፈትታችሁ አንቴናው ላይ እሰሩ። 7.030 ላይ ሰው አለመኖሩን አዳምጡ፣ የጥሪ ምልክታችሁን ሦስት ጊዜ ምቱ፣ ከዚያም ዝም ብላችሁ ስሙ።